አፕዴቱን ጭራሽ ልዝጋው ወይ? መብራትና ዳታ ለሚቆራረጥበት ኮፒ ቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። አራት ዴስክቶፕ ናቸው፤ ሁሉም ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ነው። ኢንተርኔቴ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። ጠዋት ማሽኖቹን ስከፍት ይንቀራፈፋሉ፤ ጥቅሌም ሳልጠቀምበት ያልቃል። ባለፈው ደግሞ አንዷ አፕዴት እያደረገች መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ልጭንባት ስል የዲፒኬጂ ስህተት ታወጣለች። አንድ የሰፈር ልጅ ‹ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም፣ አፕዴቱን ዝጊውና ተገላገዪ› አለኝ። ልዝጋው?»

እህቴ፣ አትዝጊው። እንዳለም ግን አትተዪው። አሁን ማሽኖችሽ አፕዴት የሚያደርጉት ራሳቸው በመረጡት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ለሱቅሽ አይመችም። ሰዓቱን አንቺ ወስኚ፤ ማውረዱንና መጫኑንም ለያዪው። ዋናው ነገር ይኸው ነው። ዝርዝሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የተጎዳችዋን ማሽን እናንሳ። «ተበላሸች» ብለሽ አዲስ ኡቡንቱ ልትጭኚባት እንዳትነሺ። ዲፒኬጂ ማለት የወረዱትን ፓኬጆች (ታሽገው የሚመጡትን የፕሮግራም ፋይሎች) ፈትቶ በየቦታቸው የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ፋይሎቹን ይፈታል፤ ቀጥሎ ለሥራ ያዘጋጃቸዋል። የትኛው ፓኬጅ የት እንደደረሰ ደግሞ እየመዘገበ ነው የሚሄደው። መብራት ሲሄድ ግማሾቹ ተፈትተው ሳይዘጋጁ ይቀራሉ። መዝገቡ ግን አለ። ስለዚህ ካንቺ የሚጠበቀው «ካቆምክበት ቀጥል» ማለት ብቻ ነው።

ስህተቱን ደግመሽ አንብቢው። ዲፒኬጂ መቋረጡን ይነግርሽና መፍትሔውን እዚያው ይጽፍልሻል፦ ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝና ኮንፊገር፣ ከዚያ አንድ ሰረዝና ትንሿ ኤ። ኮንትሮልን፣ ኦልትንና ቲን አንድ ላይ ተጭነሽ ተርሚናል ክፈቺ። ስክሪኑ ላይ ያየሽውን ትእዛዝ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊው። እኔ እዚህ በኛ ፊደል የማስቀምጣቸውን ሌሎች ትእዛዞችም እንዲሁ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፊያቸዋለሽ። ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚያስኬድ ፓስወርድ ይጠይቅሻል፤ የምትጽፊው አይታይም። እየገባ ነው፣ አትደናገጪ።

ከዚያ «ሴቲንግ አፕ» ብለው የሚጀምሩ መስመሮች መውረድ ይጀምራሉ። አንዳንዱ ላይ ደቂቃዎች ይቆማል፤ በተለይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ያለበት መስመር ላይ። እዚያ ጋ «ደረቀ» ብለሽ እንዳትዘጊው፤ ማሽኑ የሚነሳበትን ፋይል እየሠራ ነው። አልፎ አልፎ ስለ አንድ የማስተካከያ ፋይል «የድሮው ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ?» ብሎ ይጠይቃል። ኢንተር ብቻ ከተጫንሽ የድሮው ይቆያል። ለሱቅ ሥራ እሱ ይሻላል።

ሲጨርስ አፕትን፣ ማለትም ፓኬጆችን ከኢንተርኔት አውርዶ ለዲፒኬጂ የሚያቀብለውን ፕሮግራም፣ አስከትዪ፦ ሱዶ አፕት፣ ሁለት ሰረዝና ፊክስ-ብሮክን፣ ከዚያ ኢንስቶል። ይኼ ደግሞ አንዱ ፓኬጅ ሌላውን ፈልጎ ያጣበት ቦታ ካለ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

ያንቺዋ ማሽን ትነሳለች፣ ስህተት ብቻ ነው የምታወጣው። ይኼ ጥሩ ምልክት ነው። ሌላ ጊዜ ጭራሽ አልነሳ ብላ «ከርነል ፓኒክ» የሚል ጽሑፍ ላይ ብትቆምም ተስፋ አትቁረጪ። ምናልባት መብራቱ የሄደው አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ክፍል) ሲጫን ነበር ማለት ነው። ኡቡንቱ ግን የቀድሞውን ከርነል አይጥለውም፣ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ማሽኗን ስትከፍቺ በድሮ ማሽን ሺፍትን ተጭነሽ ቆዪ፤ በአዲስ ማሽን ደግሞ ኤስኬፕን ንኪ። ጥቁር ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ግቢና ቁጥሩ ዝቅ ያለውን ከርነል ምረጪ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚሉም አሉ። በእነሱ ከገባሽ የተበላሹ ፓኬጆችን መጠገኛ «ዲፒኬጂ» የሚል ምርጫ ታገኛለሽ። እሱም ያንኑ ጥገና ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ሰፈሩ ልጅ ምክር እንምጣ። ልጁ ጭራሽ አልሳተም። ደንበኛ በፍላሽ ይዞት የሚመጣው፣ ፎልደሩን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው የዊንዶውስ ቫይረስ ኡቡንቱ ላይ አይሠራም። ኮፒ ቤት ያለው ሰው ሊኑክስን የሚወድበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ግን ሥራሽን አስቢው። ቀኑን ሙሉ የምታደርጊው የማታውቂውን ሰው ፋይል መክፈት ነው። ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ያመጣል። ሌላው ፎቶውን በቴሌግራም ይልክልሻል። ሌላው የኪራይ ውል በወርድ ይዞ ይመጣል። እነዚህን የሚከፍቱት ፕሮግራሞች ውስጥ ክፍተት ከተገኘ፣ ለአጥቂው ፋይሉ መከፈቱ ብቻ ሊበቃው ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሊብዌብፒ በሚባለው የምስል ላይብረሪ ላይ የተገኘው ክፍተት እንዲህ ያለ ነበር። ላይብረሪው ክሮም ውስጥ አለ፣ ፋየርፎክስ ውስጥ አለ፣ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞችም ይጠቀሙበታል። ሆን ተብሎ የተበላሸ ምስል ማሳየት ለጥቃት በር ይከፍት ነበር። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ ብሎ አልለየም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ፖልኪት የሚባለው የሊኑክስ ክፍል ላይ የተገኘው ቀዳዳ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ተራ ተጠቃሚ ያለ ፓስወርድ የሁሉ ነገር አዛዥ እንዲሆን ያደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እዚያው ተደብቆ ኖሯል። ኡቡንቱ ማስተካከያውን የለቀቀው ወሬው ይፋ በሆነበት ዕለት ነው። ያኔ አፕዴቱን ዘግቶ የተቀመጠ ማሽን ላይ ግን ቀዳዳው ዛሬም ክፍት ነው። ደንበኞችሽ ራሳቸው ማሽን ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ አይደል? እንግዲያው እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይመለከትሻል።

«አፕዴት ሲደረግ የለመድኩት ነገር ይቀየርብኛል» የሚል ስጋትም እሰማለሁ። ባንቺ ኡቡንቱ ላይ ይኼ ስጋት ትንሽ ነው። 22.04 ማለት እ.ኤ.አ. በ2022 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚያገኙት፣ በየሁለት ዓመቱ ከሚወጡት አንዱ ነው። በእነዚህ ላይ የደኅንነት አፕዴት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን በአዲስ ስሪት አይተካውም። ቀዳዳዋን የሚደፍን ቁራጭ ብቻ አሮጌው ስሪት ላይ ይጨመራል። ሊብረኦፊስሽ ያው ሊብረኦፊስ ነው፤ የውሉ ገጽ አይሸሽም፣ ሠንጠረዡም አይበታተንም። ሙሉ በሙሉ የሚታደሱት እንደ ብራውዘር ያሉ ጥቂቶች ናቸው።

ጠዋት ለምን እንደሚንቀራፈፉ ደግሞ ልንገርሽ። ኡቡንቱ ውስጥ የደኅንነት አፕዴቶችን በራሱ የሚጭን «አንአተንድድ አፕግሬድስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። የተያዘለት ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። ማሽኑ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ለነገ አያቆየውም፤ ማሽኑ እንደተከፈተ ያመለጠውን ሊያካክስ ይነሳል። ያንቺ ማሽኖች ጠፍተው ያድራሉ። ጠዋት አራቱንም ባንድ ላይ ታበሪያለሽ። አራቱም ያንኑ ፋይል በአንዱ ራውተር መጎተት ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ደንበኛ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት «ቶሎ በይልኝ፣ ቢሮ ልገባ ነው» እያለ ራስሽ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ዳታ በሊታ ስናፕ የሚባለው ሌላው የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ ነው። ከ22.04 ጀምሮ በኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ብቻ ነው። ስናፕ ከአፕት ጋር አይገናኝም፤ የራሱ መንገድ አለው። በቀን አራት ጊዜ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ያያል፤ ካለ ሳይጠይቅሽ ያወርዳል። ፋየርፎክስ ሙሉው ሲወርድ 200 ሜጋ ያልፋል። በአራት ማሽን አባዢው። «አፕዴቱን ዘግቼዋለሁ፣ ዳታዬ ግን አሁንም ያልቃል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የረሱት ስናፕን ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔትሽ በሜጋ የሚገዛ መሆኑን ለኡቡንቱ ንገሪው። ሴቲንግስ ገብተሽ ዋይፋይ፤ ከራውተሩ ስም ጎን ያለውን ባለ ጥርስ ጎማ (የማርሽ) ምልክት ንኪ። እዚያ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የምትል ሳጥን አለች፤ ምልክት አድርጊባት። በኬብል የተገናኘች ማሽን ካለች ኔትወርክ በሚለው ስር ያቺኑ ሳጥን ታገኛለሽ። የስልክ ሆትስፖት ሲሆን ኡቡንቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገምታል። ሲም የሚገባበትን ራውተር ግን ከመደበኛ የቤት መስመር አይለየውም፤ ካልነገርሽው አያውቅም። ይህን ካደረግሽ በኋላ ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳው ፕሮግራም አደብ ይገዛል።

ስናፕን ለብቻው አስቁሚው። ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝና ሆልድ። ይህ የሚያቆመው በራሱ የሚያደርገውን ብቻ ነው። አንቺ ራስሽ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ስትዪው ይታዘዛል።

አሁን ማሽኖቹ ዝም ይላሉ። ዝም አሉ ማለት ግን አፕዴቱ ያንቺ ኃላፊነት ሆነ ማለት ነው። «ጊዜ ሳገኝ» ካልሽ አታገኚም። በሳምንት አንድ የተወሰነ ሰዓት ያዢለት። ድሬ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ሰዓት አይቸግርም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲከር ከተማው ጸጥ ይላል፣ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። አርብ ደግሞ ከጁምዓ ጋር ተያይዞ እረፍቱ ይረዝማል። እኔ ብሆን አርብ ቀትርን ለማውረድ እመድበው ነበር። የሌሊት ጥቅል የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ማታ ስትዘጊ ጀምረሽው መሄድ ትችያለሽ። የከተማችን ሰው እንኳ አማራጭ አያጣም፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በኢትዮጵያ ሙከራውን የጀመረው እኛው ጋ ነበር። የትኛው ኔትወርክ በሱቅሽ ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ ሞክረሽ እወቂ።

ማውረድና መጫን መለየት አለባቸው ያልኩት ለምን መሰለሽ? ሲወርድ መብራት ቢሄድ ምንም አይሆንም። የወረደው ይቀመጣል፤ ትእዛዙን ስትደግሚው ካቆመበት ይቀጥላል። ሲጫን መብራት ቢሄድ ግን ያየሽው ዓይነት ጣጣ ይመጣል። ማውረዱ እንደ ኔትወርኩ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ የሳምንት አፕዴት መጫኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ካስኬድሽ በሰዓታት የሚቆጠረውን ጊዜ በሙሉ መብራቱን ስትለምኚ ታሳልፊያለሽ።

አሠራሩ ይኸውልሽ። «ሱዶ አፕት አፕዴት» ትያለሽ። ስሙ አያታልልሽ፤ ይሄ ምንም አይጭንም፤ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል። ቀጥለሽ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብለሽ ሁለት ሰረዝና ዳውንሎድ-ኦንሊ ትጨምሪበታለሽ። የፓኬጆቹን ስም ይደረድርና ይጠይቅሻል። ለ«እሺ» ዋይ የሚለውን ፊደል ከመጫንሽ በፊት የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቢ። የመጀመሪያው ስንት እንደሚታደሱ፣ ስንት አዲስ እንደሚገቡ፣ ስንት እንደሚወገዱ፣ ስንት እንደሚቀሩ ይናገራል። የሚወገዱት ዜሮ መሆን አለባቸው። «አፕግሬድ» በራሱ ምንም አያስወግድም፤ የሚያስወግደው «ፉል-አፕግሬድ» የሚባለው ነው፣ እሱን ለአሁኑ ተዪው። ከታች ያለው መስመር ስንት ሜጋ እንደሚወርድ ይነግርሻል። ከቀሪ ጥቅልሽ ጋር አስተያዪው። ከበዛ ኤን የሚለውን ፊደል ተጭነሽ መልሺው። ማንም አያስገድድሽም።

«የሚቀሩ» የሚለው ቁጥር ዜሮ ባይሆን አትጨነቂ። ኡቡንቱ አንዳንድ አፕዴቶችን ለሁሉም ሰው ባንድ ቀን አይለቅም። መጀመሪያ ለጥቂት ማሽኖች ይሰጥና ችግር ካልታየ ያሰፋዋል። ተራሽ ሲደርስ ይገባል። የደኅንነት አፕዴት ግን ተራ አይጠብቅም።

ከወረደ በኋላ መጫኑን መብራቱ ረጋ ባለ ሰዓት፣ አጠገቡ ተቀምጠሽ አድርጊው፦ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ»፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሪ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይጭናል፣ ፋይሉ አለውና። ትንሽ ዩፒኤስ ካለሽ አሁን ነው ወጪውን የሚመልሰው። አንድ ማሽን ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ይችላል፤ የጀመረውን ለመጨረስ ያ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ታዲያ ሌዘር ፕሪንተሩን ወይም ኮፒ ማሽኑን ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኪ። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው፤ ዩፒኤሱን ጸጥ ያደርገዋል። ብዙ ኮፒ ቤት ገብቼ ይሄን አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ነቅዬ ነው የምወጣው።

እዚህ ላይ ስለ ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃው ራሱ ውስጥ ስለሚቀመጠው ፕሮግራም፣ አንድ ነገር ልበል። የኡቡንቱ የሶፍትዌር መስኮት አንዳንዴ የማዘርቦርዱን ባዮስ አፕዴት ያቀርብልሻል። ያንን ያለ ዩፒኤስ ፈጽሞ አትንኪው። ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

አራት ማሽን ስላለሽ አንድ ነገር አራት ጊዜ መግዛት የለብሽም። «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» የሚባል ፓኬጅ አለ። ከአራቱ አንዷ ላይ ትጭኚዋለሽ። ሌሎቹ ሦስቱ ፓኬጅ ሲፈልጉ ወደ ኢንተርኔት ሳይሆን ወደ እሷ ይሄዳሉ። ካላት ትሰጣለች፣ ከሌላት አንዴ አውርዳ ለሁሉም ታስቀምጣለች። ለሦስቱ የሚነገራቸው የሷ የአይፒ አድራሻና 3142 የሚለው የፖርት ቁጥር ብቻ ነው። አድራሻዋ እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጊላት። እሷ ስትጠፋ ሌሎቹ አፕዴት ማድረግ እንደማይችሉም አትርሺ። ስናፕ በዚህ በኩል አያልፍም፤ ፋየርፎክስን በየማሽኑ ማውረድሽ አይቀርም።

ይኼ ከከበደሽ ፍላሽ አለልሽ። በዳውንሎድ-ኦንሊ የወረዱት ፋይሎች «ቫር» ውስጥ፣ «ካሽ» ውስጥ፣ «አፕት» ውስጥ፣ «አርካይቭስ» የሚል ፎልደር ላይ ይቀመጣሉ። መጫን ከመጀመርሽ በፊት ወደ ፍላሽ ገልብጪያቸው፤ ከተጫኑ በኋላ አፕት ራሱ ያጠፋቸዋል። ሌላዋ ማሽን ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ካልሽ በኋላ በሱዶ ያው ፎልደር ውስጥ አስገቢያቸው። ስታስጭኚ ያሉትን አያወርድም። አራቱም 22.04 ስለሆኑ ይሠራል። ብቻ ከራስሽ ማሽን የቀዳሽውን እንጂ ማንም በፍላሽ የሚያመጣልሽን ፓኬጅ አትቀበዪ።

አሁን ሪስታርት። ከርነል ሲታደስ አዲሱ ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ብቻ ነው። ማታ ማታ ስለምታጠፊያቸው ይኼ አያሳስብሽም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። የዩኤስቢ ዋይፋይ አለሽ? ድራይቨሩን ቴክኒሻን መጥቶ ከኢንተርኔት አውጥቶ በእጁ ጭኖልሽ ነበር? እንዲህ ያለ ድራይቨር የተሠራው ለዚያን ጊዜው ከርነል ነው። ከርነሉ ሲታደስ ዋይፋዩ ድንገት ይጠፋል፤ ሰውም «አፕዴቱ ዋይፋዬን አበላሸው» ይላል። ከላይ ባልኩት መንገድ በቀድሞው ከርነል ግቢ፤ ዋይፋዩ ይመለሳል። ከዚያ ቴክኒሻኑን ድራይቨሩን በ«ዲኬኤምኤስ» እንዲጭንልሽ ጠይቂው። ዲኬኤምኤስ አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ድራይቨሩን ራሱ ደግሞ ይሠራዋል። ቴክኒሻኑ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው መዝገቡን ነው። «ቫር»፣ «ሎግ»፣ «አፕት» ውስጥ «ሂስትሪ ሎግ» የሚል ፋይል አለ። በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ይነበባል። እያንዳንዱ ሥራ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የተሰጠው ትእዛዝ፣ የታደሱት ፓኬጆች ከነድሮ ስሪታቸው፣ መጨረሻ ላይ ያለቀበት ሰዓት አለው። ትእዛዙ ላይ «አንአተንድድ» የሚል ካየሽ ማሽኑ በራሱ ያደረገው ነው። «አፕት ኢንስቶል» ካለ ሰው ነው ያደረገው። የመብራቱን ቀን ፈልጊው፤ የጀመረበት ሰዓት አለ፣ ያለቀበት ግን አይኖርም። ፕሪንተሩ ማክሰኞ እምቢ ካለና መዝገቡ ሰኞ «ከፕስ» (የፕሪንተሩን ሥራ የሚመራው ፕሮግራም) መታደሱን ካሳየ፣ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ቀረ።

አትንኪ የምልሽም አለ። «ሎክ (ቁልፍ) ማግኘት አልተቻለም» የሚል ስህተት ሲመጣ ብዙ ሰው የሎክ ፋይሉን አጥፊው ይልሻል። አታጥፊው። ከበስተጀርባ ሌላ አፕዴት እየሠራ ነው ማለት ነው። ጠብቂው፣ ያልቃል። በሩን ሰብረሽ ከገባሽ ሁለት ፕሮግራም አንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ያኔ ነው እውነተኛው ብልሽት። ሌላው ፒፒኤ ነው። ለአንድ ፕሮግራም ብለሽ የማታውቂውን ሰው ማከማቻ ማሽንሽ ላይ ስትጨምሪ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው በአፕዴት ስም የፈለገውን ሊያስገባብሽ ይችላል። ለዓመታት ካየኋቸው የተሰባበሩ ኡቡንቱዎች ብዙዎቹ ላይ የተረሳ ፒፒኤ አገኛለሁ።

«አዲስ ነገር ሁሌ ይሻላል» የሚሉሽንም በጥንቃቄ ስሚያቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በሚባል የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው። ወደ ማሽን መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ሲዘገይበት ነው የጠረጠረው። ተንኮሉ የደረሰው ገና በሙከራ ላይ የነበሩና የቅርቡን የሚያሳድዱ የሊኑክስ ዓይነቶች ጋ ነው። በሥራ ላይ የነበረው 22.04 አልተነካም። ለሱቅ የተረጋጋው ነው የሚበጀው።

ወደ 24.04 ስለመሸጋገር አልጠየቅሽም፤ መስኮቱ ግን እየመጣ «አዲስ ኡቡንቱ አለ» ይልሻል። መልሱ «አሁን አይደለም» ነው። 22.04 መደበኛ ድጋፉ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ነው። ኡቡንቱ ፕሮ የሚባለውን ብትመዘገቢ እስከ 5 ማሽን በነጻ ስለሆነ ያንቺ አራቱ ይገባሉ፤ የደኅንነት አፕዴቱም እስከ 2032 እ.ኤ.አ. ይረዝምልሻል። ለመሸጋገር ስትወስኚ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሱቅ ከኢንተርኔት ላይ በቀጥታ አታድርጊው። ከጊጋ በላይ የሚወርድ፣ ከዚያም ረጅም ሰዓት የሚጫን ነገር ነው። የመጫኛውን ፋይል ከአንድ ሰው በፍላሽ ተቀብለሽ ትክክለኛነቱን በኡቡንቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር አስተያዪና አዲስ አድርገሽ ጫኚ። ፋይሉ 5 ጊጋ ያልፋል፤ አንዴ ከያዝሽው ለአራቱም ይሆናል። የደንበኞችሽን ፋይልና የራስሽን ፎንቶች አስቀድመሽ ውጫዊ ዲስክ ላይ አውጪ። መጀመሪያ ሥራ የማይበዛባትን አንዷን ማሽን ብቻ ቀይሪ። ፕሪንተሩ፣ ስካነሩና የአማርኛ ኪቦርድሽ እሷ ላይ በደንብ መሥራታቸውን ለሁለት ሳምንት ያህል አይተሽ ሦስቱን ታስከትያለሽ።